የደግነት ጭራሮ ካፖርት በሰመራ ግምጃ ቤት

ሰመራ ውስጥ ካፖርት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ኃይለ ልዑል ነው። ካፖርቱ የሱፍ ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ ኮሌታው የበግ ለምድ ያህላል። ሰኔ ላይ ጥላ ስር ያስቀመጡት ውሃ ሻይ ለመሆን ቅጠል ብቻ በሚቀረው ከተማ፣ ሰውዬው ይህን ካፖርት በየቅዳሜው ከሻንጣ አውጥቶ ያራግፍ፣ ይቦርሽ፣ ሽቦ ላይ አንጠልጥሎ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር። አዲስ የገቡ ጎረቤቶች ሲያዩት «ወባ ይዞት ይሆን?» ይሉ ነበር። ሲሰነብቱ ደግሞ ወባ ቢሆን ይሻለው ነበር ይሉ ጀመር።

ኃይለ ልዑል የምንሠራበት ቢሮ (ስሙ ይቅርብን) የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሦስት፣ ሆዱ ከዕድሜው ትንሽ ቀደም ያለ። እኔ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ነኝ። የእሱን ክፍልና የእኔን የሚለየው አንድ ስስ ኮምፖርሳቶ ስለሆነ፣ የምነግራችሁን ግማሹን አይቻለሁ፣ ግማሹን በኮምፖርሳቶው ሰምቻለሁ። የቀረውን ባለቤቱ ወንጌላዊት ነግራኛለች፤ ወንጌላዊት ደግሞ ስትነግር ምንም አታስቀርም፤ እግዜር ይስጣት።

ካፖርቱ የኃይለ ልዑል አይደለም። የደግነት ጭራሮ ነው። ከአርባ አምስት ዓመት በታች የሆነ አንባቢ ደግነት ጭራሮን ላያውቀው ይችላል። ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን፣ በበዓል ዋዜማ እየወጣ የሚያስቅ ቀጭን ሰው ነበር፤ ጭራሮ የተባለውም በቅጥነቱ ነው። ሥራው ሁሉ አንድ ነው። ሁለት ሰው የሚይዝ ካፖርት ለብሶ ይገባል፤ ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈልጋል፤ ያጣዋል። ሲፈልግ መጀመሪያ እጁ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱ እዚያው ካፖርቱ ውስጥ ይሰምጣል። እኛም በሳቅ እንፈርስ ነበር። ምን እናድርግ፣ ሌላ ቻናል አልነበረም።

ኃይለ ልዑል ግን የእኛ ሳቅ ሲያልቅ የእሱ አላለቀለትም። የተወለደው አዋሽ ነው፤ አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ደግነት ጭራሮ ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ ባቡሩ ለምሳ አዋሽ ቆመ። ታላቁ ሰው የጣቢያው ቡፌ በረንዳ ላይ ስፓጌቲውን በላ፣ ጥርሱን በስቴኪኒ ጎረጎረ፣ ስቴኪኒውን ጣለ። ኃይለ ልዑል ዘሎ አነሳው። ሰውዬው ከባቡሩ ደረጃ ላይ ዞሮ «አንተ ልጅ፣ ከመንገድ ዞር በል!» አለው። ይህንን ኃይለ ልዑል እስከ ዛሬ «ጋሼ ደግነት በአካል ያነጋገሩኝ ጊዜ» እያለ ይተርከዋል።

ደግነት ሞተ፤ ቤተሰቡ ተበተነ፤ ዕቃውም ተበተነ። ያኔ ነው የኃይለ ልዑል ሕይወት የጀመረው። አዲስ አበባ ድረስ ደብዳቤ ጻፈ፤ የሰውዬውን የጎረቤት ጎረቤት ልጅ ሳይቀር አፈላለገ። ካፖርቱን ያገኘው ከአንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ይህኛው እውነተኛ መሆኑን እኔም አምናለሁ፣ ምክንያቱም ኪሱ ስፋቱ የጤና አይደለም። የቀረውን ያቀረበለት ግን ታጁ ነው።

ታጁ አዋሽ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ይሸጣል። የወሎ ልጅ ነው፤ ምላሱ ቅቤ ነው። «አጎቴ የደግነት ጭራሮ ሾፌር ነበር» ያለው ኃይለ ልዑል ማንን እንደሚወድ ባወቀ ማግስት ነው። አንድ ጊዜ ለሥራ አብሬው አዋሽ ሄጄ ነበርና ግብይቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ጋሽ ኃይለ ልዑል፣ ወላሂ ይህንን ለሌላ ሰው አላሳየሁም» አለና ታጁ ከጆንያ ስር አንድ ጫማ ጎተተ።

ኃይለ ልዑል አገላብጦ አየው። «የግራ ነው።»

«አዎን፣ የግራ ነው።»

«ባለፈው የሰጠኸኝም የግራ ነው። ካቻምና የሰጠኸኝም የግራ ነው።»

ታጁ ራሱም ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየው። እኔ ‘ተያዘ!’ ብዬ ደስ አለኝ። ታጁ ግን ቀስ ብሎ፣ ልክ እንዳዘነ ሰው «ጋሼ» አለ፣ «ሰውዬው ቀልደኛ አልነበሩም እንዴ?»

ኃይለ ልዑል ጫማውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እውነትህን ነው! እሳቸው እንደዚያ ናቸው!» አለ። ሦስተኛው የግራ ጫማ ወደ ሰመራ ተሳፈረ።

ጥርሱንም ከታጁ ነው ያገኘው፤ የላይኛው ድድ ከነሰው ሠራሽ ጥርሱ። እሱን ይዞ ሲመጣ አዳይቱ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳውን ከፍቶ በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው ጥርሱ ፈገግ ብሎ ጠበቀው።

«ያንተ ነው?» አለ ፈታሹ።

«የኔማ አፌ ውስጥ አለ። የጋሼ ደግነት ነው።»

«ጋሼ ደግነት የት አሉ?»

«አርፈዋል።»

ፈታሹ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «ሁላችሁም ውረዱ!» ተሳፋሪው በሙሉ በዚያ ፀሐይ ወርዶ ተሰለፈ። ኃይለ ልዑል ግን አጋጣሚው ተገኘ ብሎ ስለ ደግነት ጭራሮ ሕይወትና ሥራ ገለጻ ጀመረ። አንዲት ጋቢና የተቀመጡ ሴትዮ «እኔ ከመነሻውም የዚህ ሰውዬ ዝምታ አላማረኝም ነበር» አሉ አሉ።

ሰመራ ያለው ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ክፍል የደግነት ጭራሮ ነበር፤ በሁለተኛው እሱና ወንጌላዊት ይኖሩ ነበር። ያለው ቬንትሌተር ደግሞ አንድ ነው። ሰመራን ለማያውቅ፣ ቬንትሌተር ማለት እዚህ ዕቃ አይደለም፤ ዘመድ ነው። ኃይለ ልዑል ሱፉ በላብና በእርጥበት ብል እንዳይበላው ብሎ ቬንትሌተሩን ወደ ካፖርቱ አዞረው።

«እኔ ሰው አይደለሁም?» አለች ወንጌላዊት።

«ነሽ እንጂ! ግን አንቺ ብትታመሚ ሐኪም ቤት አለ፤ ካፖርቱን የት እወስደዋለሁ?»

ይህንን ታገሰች። አንድ ቀን ግን ቀዝቃዛ ውሃ ልትጠጣ ፍሪጅ ስትከፍት ከጆጉ ጎን፣ በብርጭቆ ውስጥ፣ ያ ጥርስ ተቀምጧል። ፕላስቲኩ በሙቀት እንዳይጣመም ነው አሉ። ወንጌላዊት ፍሪጁን ዘጋች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ እንዲህ አለች፦ «ወይ የሰውዬው ጥርስ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ።»

ኃይለ ልዑል የሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ ጠየቀ። (ይህንን ስትነግረኝ ራሷም ሳቋ መጣ፤ «ሦስት ቀን! ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ከጥርስ ጋር ሦስት ቀን አወዳደረኝ» አለች።)

በአራተኛው ቀን ስብስቡ በሙሉ በባጃጅ ተጭኖ ወደ ቢሯችን ግምጃ ቤት ገባ። ግምጃ ቤቱ ኮምፒውተሮች ስላሉበት አየር ማቀዝቀዣ አለው፤ ቁልፉ በኃይለ ልዑል እጅ ነው። ካፖርት፣ ሦስት የግራ ጫማ፣ ጥርስ፣ ፔርሙስ፣ ጃንጥላ፣ መስታወት የሌለው መነጽር፣ የጢም መላጫ ብሩሽ፣ ስቴኪኒው፤ በድምሩ ሃያ ሦስት ዕቃ።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ይህንን ጥፋት ደግሞ ከንብረት ክፍል ሰው በስተቀር ማንም ሊሠራው አይችልም። በመሥሪያ ቤታችን ቀይ የቀለም ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ እግር ያወጣል። ወንበር ይሄዳል፤ ማራገቢያ ይሄዳል። የደግነት ፔርሙስ በገባ በሳምንቱ ጠፍቶ ጎረቤት ከተማ ሎጊያ ከአንድ ሾፌራችን መኪና ውስጥ ነው የተገኘው፤ ሾፌሩ «ቁጥር የለውም እኮ፣ የማንም መስሎኝ» አለ። ኃይለ ልዑል ደነገጠ። የዚያኑ ቀን የቀለም ቆርቆሮውን ከፍቶ በሃያ ሦስቱም ላይ የቢሮውን ምህጻረ ቃልና መለያ ቁጥር ጻፈ። ካፖርቱን ገበሩ ላይ። ጥርሱን ከኋላ በኩል በመርፌ ጫፍ። ስቴኪኒው ላይ ቦታ ስላልተገኘ ቁጥር ያለው ካርቶን በክር አሰረለት። ሲጨርስ በኮምፖርሳቶው በኩል ድምፁን ሰማሁት፦ «አሁን ማን እንደሚነካችሁ አያለሁ!»

ሰኔ መጣ። የዓመቱ ንብረት ቆጠራም መጣ።

የቆጠራ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስዩም የሚባል የፋይናንስ ባልደረባችን ነው። ስዩም ወገቡን ያመዋል። ከሁለት ዓመት በፊት አማቱ የሰፉለትን ትራስ ከቤት አምጥቶ ወንበሩ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ኃይለ ልዑል እሱ ምሳ እስኪበላ ድረስ ቁጥር ጻፈበት። ስዩም ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ትራሱን ሊወስድ ቢል «ቁጥር ያለው ንብረት የመንግሥት ነው፤ ያለ ሞዴል 22 ወጪ ደረሰኝ ከክፍል አይወጣም» ብሎ በሩ ላይ ቆመበት። አማቲቱ ሰምተው አንድ ሳምንት አልቅሰዋል ይባላል። እንግዲህ ግምጃ ቤቱ ውስጥ መዝገቡን ይዞ የቆመው ይህ ስዩም ነው።

«ከመዝገብ በላይ ሃያ ሦስት ዕቃ ተገኝቷል» አለ ስዩም። ድምፁ ውስጥ ማር ነበረ።

«እነሱ የኔ ናቸው» አለ ኃይለ ልዑል።

«ቁጥሩን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«በማን ቀለም?»

ኃይለ ልዑል የቀለም ቆርቆሮውን በእግሩ ወደ መደርደሪያው ስር ገፋ አደረገ።

«ቁጥር ያለው ንብረት የማን ነው?»

የዚህን ጥያቄ መልስ በዚህ ቢሮ ያስተማረን ኃይለ ልዑል ራሱ ነው፤ ለአዲስ ሠራተኛ ከእንኳን ደህና መጣህ በፊት የሚነግረው እሱን ነው።

ስዩም ሞዴል 19 ቆርጦ ሃያ ሦስቱንም የመንግሥት ገቢ አደረጋቸው። ደረሰኙ ላይ ‘ተረካቢ’ በሚለው ቦታ የሚፈርመው የንብረት ክፍል ኃላፊው ነውና፣ የራሱን ዕቃ ለመንግሥት ራሱ ተረከበ። እኔ ልስቅ ፈልጌ አልቻልኩም። ኋላ ቤቴ ገብቼ ሳቅሁ።

ነገሩ ቢሮ ኃላፊያችን አቶ መሀመድአሚን ዘንድ ደረሰ። መሀመድአሚን ያገሩ ልጅ፣ አፋር ነው፤ ከኃይለ ልዑል በዕድሜ ያንሳል፤ ሲናገር አይቸኩልም። ማስረጃ ይዤ እንድገባ ተጠርቼ ስለነበር ንግግራቸውን ሰማሁ።

«ጋሽ ኃይለ ልዑል፣ እኛ ግመል ላይ ለምን ምልክት እንደምንተኩስ ታውቃለህ?»

«የማን ጎሣ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።»

«አንተ የገዛ ግመልህን ይዘህ በሌላ ጎሣ ምልክት ተኮስከው። አሁን የኔ ነው ብትል ሽማግሌ ምን ብሎ ይፍረድልህ?»

«ጌታዬ፣ ሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩት ነው። ሌላ ምንም የለኝም።»

እውነት ለመናገር ይህንን ሲል አንጀቴን በላኝ። ልጅ አልወለደም፤ ቤት አልሠራም፤ የደሞዙ ግማሽ ያለው ታጁ ሱቅ ነው። ሰው ሆኖ የሚቆምበት የቀረው ነገር ያ ካፖርት ነበር።

መሀመድአሚን አዘነለት። ድምፁን ዝቅ አደረገና መንገድ አሳየው፦ የማስወገጃ ቅጽ ይሞላ። የዕቃው ሁኔታ በሚለው ዓምድ ስር፣ በእያንዳንዱ ትይዩ፣ «አያገለግልም፣ ይወገድ» ብሎ ይጻፍ። ኮሚቴው ይፈርማል፤ ሐሙስ ዕለት ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ይጣላል። «ከቆሻሻ ማን ምን እንዳነሳ ኢንሻአላህ እኔ አላይም» አለ። ከዚያ በኋላ ግን ትንሽ አሰበና «ለመሆኑ ሰውዬው ቀኝ እግር አልነበራቸውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ሁለት ቃል፣ ሃያ ሦስት ጊዜ መጻፍ ነው። ልጅ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ኃይለ ልዑል ጠዋት ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጫማ ጻፈ፦ አያገለግልም። ሁለተኛውን ጻፈ። ጃንጥላውን ጻፈ። ከዚያ በኮምፖርሳቶው በኩል የብዕሩ ድምፅ ቆመ። ስድስት ሰዓት ገደማ ፊቱ ወይቦ እኔ ክፍል መጣ።

«ካፖርቱ ላይ ደረስኩ» አለኝ።

«እና ጻፋ!»

«አያገለግልም ብዬ?»

«አያገለግልም ብለህ! ሰመራ ላይ ካፖርት እኮ እውነትም አያገለግልም፤ ኃጢአት የለውም።»

«ከሥሩ ስሜ አለ፣ ፊርማዬ አለ። ኃይለ ልዑል የደግነት ጭራሮን ካፖርት ‘አያገለግልም’ አለ ተብሎ ለትውልድ ይቀራል።»

«የትኛው ትውልድ ነው የኛን ቅጽ የሚያነበው? እኔ መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቼ አላነበብኩም!»

«አንቺ አይገባሽም» ብሎ ወጣ።

አልገባኝም፤ አሁንም አይገባኝም። ከሰዓት በኋላ የጻፋቸውን ሦስት መስመሮች ሰረዘ። አዲስ ቅጽ አወጣ። በሃያ ሦስቱም ትይዩ «ፍጹም የሚያገለግል፣ የማይተካ፣ የአገር ቅርስ» ብሎ ጻፈ፤ ስቴኪኒውንም ጨምሮ። አባሪ ብሎ ደግሞ የደግነት ጭራሮን የሕይወት ታሪክ አራት ገጽ አያይዞበታል፤ ከአራቱ ሁለቱ ስለ አዋሽ ባቡር ጣቢያና ስለ አንድ አስተዋይ ሕፃን ናቸው። ይህንን ራሱ በኩራት ይዞ ለኮሚቴው አስገባ። በደረጃው ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ሊሸለም የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር።

ስዩም አንብቦ ጨረሰ። መነጽሩን አወለቀ። «ጥሩ ነው፤ የማይተካ ቅርስ ከሆነማ እንዲህ ክፍት ቦታ አይቀመጥም። ይታሸግ» አለ።

ታሸገ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆመ የመርከብ ኮንቴይነር አለ፤ ሃያ ሦስቱም እዚያ ገቡ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ ሦስት ፊርማ ተፈረመበት፦ ከዓመታዊ ቆጠራ ቀን በስተቀር አይከፈትም። መሀመድአሚን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ጉድጓዱን አሳየሁት፣ ገመድ ሰጠሁት፣ ባልዲ ሰጠሁት። እሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ስለ ውሃ ጥቅም ንግግር አደረገ» አለ።

ወንጌላዊት ግን ቬንትሌተሩን ወደ ራሷ አዞረች። የደግነት ጭራሮ ክፍል ሳሎን ሆነ፤ ሶፋ ገባበት። ለስዩም በዚያው ሰሞን አዲስ ትራስ ሰፍታ ላከችለት፤ «ቢሮ እንዳታመጣው» የሚል መልእክት አብሮት ነበር።

አንድ ዓመት ሞላ። ያለፈው ሰኔ፣ የቆጠራው ቀን፣ ኃይለ ልዑልን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። የሰርግ ሚዜ ይመስላል። ኮሚቴው መጣ፤ እሽጉ ተቆረጠ፤ በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት ፊታችንን ለበለበው። ኃይለ ልዑል ከሁላችን ቀድሞ ገባ።

ስዩም መዝገቡን ይዞ ደጁ ላይ ሆኖ ይጠራል፤ ኃይለ ልዑል ከውስጥ ይመልሳል።

«ፔርሙስ፣ አንድ።»

«አለ!»

«ሁኔታው?»

«መልካም!»

«ጥርስ፣ የላይኛው፣ አንድ።»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። የኮንቴይነሩ ሙቀት ፕላስቲኩን አጣሞት ያ ፈገግታ ተገልብጧል፤ ጥርሱ አኩርፏል።

«አለ» አለ ኃይለ ልዑል። «መልካም።»

«ካፖርት፣ አንድ።»

ካፖርቱን ከሽቦው አወረደው። ብሉ ትከሻውን ወንፊት አድርጎታል፤ ብርሃን በወዲያ በኩል ይታያል። ኃይለ ልዑል እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቀፈው፣ ዱቄቱን ከኮሌታው ላይ እፍ አለ፣ ሙሉ ልብሱ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ሁኔታው?» አለ ስዩም።

«መልካም ነው። ጻፍ፣ በጣም መልካም።»

ሃያ ሦስቱ በሩብ ሰዓት አለቁ። ስዩም መዝገቡን ዘጋና አዲሱን የእሽግ ወረቀት አወጣ። ኃይለ ልዑል ግን ካፖርቱን እንደታቀፈ ከውስጥ አልወጣም።

«ስዩም» አለ። «የቆጠርን አይመስለኝም። ማለቴ፣ ቁጥሩ አልተመሳከረም። መመሪያው እኮ ጥርጣሬ ካለ እንደገና ይቆጠር ይላል።»

«የትኛው መመሪያ ነው እንደዚህ የሚለው?»

ኃይለ ልዑል የካፖርቱን ኮሌታ አቃና። እንዲህ የሚል መመሪያ እንደሌለ እሱ ያውቃል፤ ስዩም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። የሌለውን መመሪያ የጠቀሰው ደግሞ ያለ ሞዴል 22 ብዕር እንኳ አስወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ስዩም ፀሐይዋን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እዚያ ምድጃ ውስጥ ከረባት አስሮ የቆመውን ሰውዬ አየ። ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ የኮንቴይነሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና መዝገቡን እንደገና ገለጠ።

«ተራ ቁጥር አንድ» አለ።